ቅንፍ የበላው ልጅ

«ቅንፍ!» ብለው ነው የጠሩኝ። ያውም በፍቼ ሰሞን፣ ያውም በዓሉ የሚከበርበት የጉዱማሌ ሜዳ በር ላይ፣ ሰው እርስ በርሱ በሚተራመስበት ሰዓት። ያተምኩትን ቲሸርት በማዳበሪያ ጠቅጥቄ ከባጃጅ ስወርድ ነበር። ዞር ስል ቲቸር ማርቆስ ናቸው። ሸብተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ጥርሳቸው ግን ያው ነው፣ ከፊት አንዱ ሌላውን የደረበ። አቅፈው ግራና ቀኝ ሳሙኝ፤ እኔም ማዳበሪያዬን እንደተሸከምኩ እንደ ግንድ ቆሜ ተሳምኩ። «አለህ አንተ ልጅ? አይ ያ ጊዜ!» አሉና አብሯቸው ላለው ሰውዬ «ይሄ እኮ የማስተርስ ጽሑፌን በኮምፒውተር የጻፈልኝ ነው» ብለው ሳቁ። በፍቼ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው ይላሉ የአገሩ ሽማግሌዎች። እውነታቸውን ነው። ግን ለመታረቅ እኮ መጀመሪያ ሁለታችንም መጣላታችንን ማወቅ አለብን። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስጣላቸው ኖሬ፣ እሳቸው ለካ አልሰሙም።

በነገራችን ላይ አንቱ የምላቸው አክብሬ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ እንዳትታማ ነው። ትዝታ የሽማግሌ ነው የምትሉም ካላችሁ፣ አዎ፣ እኔ ገና ሰላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ግን እኔ የማውቃት ሀዋሳ ከኔ ቀድማ አርጅታ ሞታለች፣ ስለሷ የማወራ እኔ ካልሆንኩ ማን ሊያወራ ነው?

ያኔ ያ መንግሥት ነበር፤ ብዙ ዓመት የቆየው። ሰው በአምስት በአምስት የሚደራጅበት፣ ግድግዳ ሁሉ ስለ ልማት የሚያወራበት፣ አለቃ ፈልገህ ስትሄድ «ግምገማ ላይ ናቸው» የምትባልበት። ለኔ ግን ያ ዘመን የኮፒ ማሽን ሽታ ነው። የሞቀ ወረቀት፣ የሞቀ ቀለም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከአሞራ ገደል በኩል የሚያመጣው የዓሳ ሽታ። አረብ ሰፈር ውስጥ፣ የእትዬ ብርቄ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አስረኛ ክፍል ላይ ፈተናው ጥሎኝ፣ ወይም እኔ ጥዬው፣ እንጃ፣ ብቻ ተለያየን። ባጃጅ በአንድ ብር ከዳር እስከ ዳር ይወስድሃል። አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ፣ ማንኪያ ስታቆምበት የሚቆም፣ ዛሬ በዚያ ዋጋ ስትሮውንም አይሰጡህም። የምንለብሰው ሳልቫጅ ነው፤ ከጉልበቱ የተፋቀ ጂንስ፣ የሰሃን ክዳን የሚያክል ዘለበት ያለው ቀበቶ፣ ጫፉ የሾለ ጫማ። ጠጉራችን በጄል ተጣብቆ ዝንብ ያንሸራትታል። ፊት ለፊታችን ሲዲ ቤት ነበር፤ ስፒከሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ጠዋት ከጀመረ ከተማው ሁሉ ሳይወድ በግዱ እስኪሸመድደው አይለቅም። ቲቸር ማርቆስን ሳስብ ያ ዘፈን ከነ ጉርምርምታው ይመጣብኛል። ስለዚህ ዘፈኑንም ጠላሁት።

እሳቸው ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራሉ። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ተቋም ሐይቅ ዳር ፎቅ ተከራይቶ የቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ተዘግቷል፣ ፎቁ ሶፋ ይሸጥበታል። እዚያ ነው የሚማሩት። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው እኔ ጋ የመጡት ሰው ልኳቸው ነው። «እዚያ ቤት ያለው ልጅ አይሳሳትም» ብሏቸው። ልብ በሉ። ያኔ የነበረኝ ሀብት ይቺ ብቻ ናት። ሰርተፍኬት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ «ያ ልጅ አይሳሳትም» የምትል ወሬ ግን ነበረችኝ። ሌላው ታይፒስት ዝንብ ሲቆጥር፣ እኔ ጋ ሰው ወረፋ ይዞ የሚቆመው በሷ ነው።

ጽሑፉን ሳየው ሒሳብ አልመሰለኝም። ቁጥር የለበትም፣ ኤክስና ዋይ ብቻ፣ በመሀል ኮከብ፣ ዙሪያውን ቅንፍ። ቅንፍ በቅንፍ ላይ። «ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው? አጥር ነው?» አልኳቸው። ሳቁና ኮታቸውን ያዝ አደረጉ። ኮታቸው የተገለበጠ ነበር። ድሮ ኮት ሲነጣ ሰፊ ጋ ወስደህ ታስገለብጠው የለ? የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣና አዲስ ኮት ይሆናል፤ ብቻ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። አስተዋይ ሰው ኪሱን አይቶ ያውቅብሃል። «አየህ፣» አሉኝ፣ «የኔ ሥራ እንዲህ ነው። የድሮ አልጀብራ አለ። አልጀብራ ማለት መደመሪያና ማባዣ ያለው የቁጥሮች አገር በለው። እኔ የምፈልገው ማካፈልም የሚቻልበትን ነው፤ ያባዛኸውን መልሰህ የምትፈታበት። ከሱ አዲስ እሠራለሁ። እንዴት? ከማባዛቴ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ልብስ አለብሰዋለሁ። የግራውን አንድ ዓይነት፣ የቀኙን ሌላ ዓይነት። ከዚያ በድሮው ማባዣ አባዛለሁ። ጨርቁ ያው ነው፣ ኮቱ ግን አዲስ ነው።»

«ማካፈሉስ?»

«ልብሱ የሚወልቅ ከሆነ ማካፈል አይጠፋም። የማይወልቅ ልብስ ካለበስከው ግን አለቀ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።»

«ቅንፉስ ምን ይሠራል?»

«አሃ!» አሉ። ይሄን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወንበሩን ወደኔ ሳቡ። «ኳስ ትወዳለህ? የቲልቴ ሰፈር ልጆች የአቶቴ ሰፈርን ያሸንፋሉ እንበል። አቶቴ ታቦርን ያሸንፋል። ታቦር ደግሞ ቲልቴን። አሁን ዋንጫ ነው። መጀመሪያ ቲልቴና አቶቴ ከተጋጠሙ ቲልቴ ያልፋል፣ ከዚያ ታቦር ይጠብቀዋል፣ ዋንጫው የታቦር። መጀመሪያ አቶቴና ታቦር ከተጋጠሙስ?»

«አቶቴ ያልፍና... ቲልቴ ይበላዋል።»

«ዋንጫው የቲልቴ። ሦስቱ ቡድኖች ያው፣ ቅደም ተከተላቸውም ያው፣ ግን ማን ከማን ጋር ቀድሞ እንደገባ ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። ቅንፍ ይሄ ነው። እናንተ ትምህርት ቤት የምታባዟቸው ቁጥሮች ቅንፍ ቢነሳም ግድ የላቸውም። የኔዎቹ ግድ አላቸው።»

ገባኝ አልልም። ኳሱ ገባኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ቅንፍ እንዳልዘል እንደ እባብ ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት። መብራት በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ እሮጣለሁ፣ ሲሄድ እሳቸውና እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን እናወራለን። ማስተርሱን ሲይዙ ማታ ማታ ሊያስጠኑኝ፣ አስረኛንም በግል ሊያስፈትኑኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። የምስጋናውን ገጽ ያስጻፉኝ አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጠን መብራት ሲመጣ ነው። ፈጣሪን፣ ሚስታቸውን፣ አማካሪያቸውን አመሰገኑና «ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው። «ጻፈው እንግዲህ፣ ባለሙያው ታይፒስቴ ብለህ።» በእንግሊዝኛ ስሜን ስጽፈው እጄ ላበው። ፊደሉን ከፍ አደረግኩት፣ አፈርኩና መልሼ ዝቅ አደረግኩት። የኔ ስም መጽሐፍ ላይ! እናቴ ማንበብ ባትችልም ቅጂ አውጥቼ አሳየኋት። ጣቷን አስቀመጥኩላት፣ «ይቺ እኔ ነኝ፣ ይቺ ደግሞ አባቴ» አልኳት።

አሁን አማካሪያቸው፣ ዶክተሩ፣ ይምጣ። ድንቄም ዶክተር! ዶክትሬቱ ገና መንገድ ላይ ነው ይባል ነበር፣ እስካሁንም መንገድ ላይ ይሆናል። የተማረው ሌላ ነገር ነው፤ የሕዝብ ቁጥር መደመር ይሁን የዝናብ መጠን፣ ብቻ የቲቸር ማርቆስን ሒሳብ አያውቀውም። ሌላ ሰው ስለሌለ ነው አማካሪ የሆነው፤ ኃላፊ የሆነው ደግሞ የፓርቲ አባል ስለሆነ። ቲቸር ፊርማውን ለማግኘት ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ። አንድ ቀን «ነገ ለስልጠና እሄዳለሁ፣ ከተመለስኩ በኋላ ቀኑ ያልፍብሃል፣ ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ እንጨርሰው» ብሎ ራሱ እትዬ ብርቄ ቤት መጣ። የሽቶው ሽታ ከቀለሙ ሽታ ጋር ሲጋጭ ማስነጠስ ያዘኝ። ቲቸር ወንበራቸውን ለቀቁለት፤ እሳቸው ቆሙ። እትዬ ብርቄ ጥግ ላይ ወረቀት ትጠርዛለች።

«ይሄ ጽሑፍ ከተፈቀደው ገጽ በልጧል» አለ፤ አንዱ ስልክ እጁ ላይ፣ አንዱ ጆሮው ላይ።

«ዶክተር፣ ማሳጠር ይከብዳል፤ ማረጋገጫዎቹ—»

«ምን ይከብዳል? ይሄ ሁሉ ቅንፍ ምን ያደርጋል? መስመር ይበላል እኮ። አንተ ልጅ፣ ይቺን አጥፋት። ይቺንም።»

ሁለት ሦስቱን አጠፋሁ። መስመሩ እውነትም አጠረ። ዶክተሩ ደስ አለው። ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ቅንፉ ትንሽ ትርጉም...»

«አቶ ማርቆስ፣ በማባዛት ቅንፍ ማንሳት እንደሚቻል ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የምናውቀው። እኔን ልታስተምረኝ ነው? አንተ ልጅ፣ አንድ በአንድ ምን ያደክምሃል? ኮምፒውተሩ ቅንፍ ቅንፉን ፈልጎ ሁሉንም በባዶ ይተካው!»

እጄ ማውሱ ላይ ቆመ። ዞር ብዬ ቲቸርን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ወለሉን አዩ፣ ከዚያ ዶክተሩ ደረት ኪስ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ነው። አጥፋው ነው። ይሄን ንቅናቄ እስከምሞት አልረሳውም፤ ለቅሶ ቤት «ያጽናችሁ» ሲባል ሰው እንደሚነቀንቀው፣ ቀስ ብሎ። ተጫንኩት። ቅንፉ ሁሉ እንደ ጭስ በነነ። «ሴቭ በለው» አለ፤ አልኩት። ፈረመና ሄደ።

«ቲቸር፣ ልመልሳቸው?» አልኩ።

«ተወው፣ ፈርሞልኛል። ከፈረመ በኋላ ብንነካካው ይጣላናል። በቃል እንገልጸዋለን።»

ቲቸር ጽሑፋቸውን ፈታኞች ፊት የሚከላከሉበት ቀን ፎቁ ላይ ወጣሁ። በፕሮጀክተር የሚታየውንም የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ላፕቶፑን እንድጫን ተጠርቼ ነው። ሸሚዝ ተውሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ሰርግ የሄድኩ ነው የምመስለው። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ትልልቅ ወፎች ከውጭ ጣሪያ ላይ አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል፣ ፈታኞቹ ደግሞ ከውስጥ እንደዚያው። ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ገጽ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመ። «ዋናው ውጤት ይሄ ነው አይደል?» አለና ጮክ ብሎ አነበበ። «ኤክስ ዋይ ዜድ ከኤክስ ዋይ ዜድ ጋር እኩል አይደለም።» መነጽሩን አወለቀ። «አቶ ማርቆስ፣ አንድ ነገር ከራሱ ጋር እንዴት ነው እኩል የማይሆነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ አልሳቀም። «ቅንፎቹ የት ሄዱ? ሥራው ስለ ቅንፍ ሆኖ እንዴት አንድ ቅንፍ አይኖረውም?»

ዶክተሩ ከወንበሩ ሳይነሳ መለሰ። «ይሄ የታይፒስት ስህተት ነው። እነዚህ የኮምፒውተር ቤት ልጆች የሚጽፉትን አያውቁትም። እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ።» በጣቱ አመለከተኝ። አርባ ዓይን ዞረብኝ።

«እኔ እኮ—» አልኩ።

«አንተ ላፕቶፑን ጠብቅ።»

ቲቸርን አየኋቸው። አንድ ቃል ነው። «አይደለም» ማለት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም ነበር እኮ፤ ዶክተሩን ይስደቡልኝ አላልኩም፣ ይጣሉልኝ አላልኩም። ፈታኙ «አቶ ማርቆስ?» አላቸው። እሳቸውም ወደ ሰሌዳው ዞረው ጠመኔ እየፈለጉ «አዎ... የጽሕፈት ስህተት ነው» አሉ። ከዚያ ቅንፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ጻፏቸው። ሰውየው ሲያውቁትስ እንዴት ነው የሚያውቁት! ፈታኙ ራሱ ተነሥቶ አጨበጨበ። «ከማስተካከያ ጋር አልፈዋል» ተባለ። እልልታ፣ ፎቶ፣ ለስላሳ። እኔ የፕሮጀክተሩን ገመድ እጠቀልላለሁ።

ማስተካከያው ደግሞ እኔው ላይ ወደቀ። ቅንፍን ፈልጎ ማጥፋት በአንድ መጫን ነው፤ ፈልጎ መመለስ የሚባል የለም። የጠፋ ነገር የት እንደነበረ ኮምፒውተሩ አይነግርህም። ያ የማይወልቅ ልብስ ያሉት ይሄ ነው ብዬ በውስጤ ስሰድባቸው ነበር፣ እሳቸው ከጎኔ ቁጭ ብለው «እዚህ ክፈት፣ እዚህ ዝጋ» ሲሉኝ። የመጨረሻዋን ስንዘጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የምስጋናው ገጽ ላይ ያለችውን ያቺን መስመር ሰርዛት። ስህተቱ ያንተ ነው ተብሎ ስምህ ምስጋና ላይ ሲታይ ደስ አይልም። ለጊዜው ነው።» ሰረዝኩት። በራሴ ጣት፣ ከአባቴ ስም ከኋላ ጀምሬ፣ ፊደል በፊደል። እንቢ ብዬ መነሣት ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ በዚያ ዕድሜ፣ በተውሶ ሸሚዝ ሞክሩት።

ወሬው ከፎቁ በደረጃ ወርዶ አረብ ሰፈር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ተማሪ ሁሉ «ቅንፍ እንዳይበላብኝ» እያለ ወረቀቱን እየነጠቀኝ ወደ ሌላው ታይፒስት ሄደ። ሲዲ ቤቱ ያለው ልጅ «ቅንፍ የበላው» ብሎ ስም አወጣልኝ፣ አጠረና «ቅንፍ» ሆነ። እትዬ ብርቄ ጥሩ ሴት ናት፤ ስታሰናብተኝ አልቅሳለች። «አንተ እንዳልሆንክ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እዚሁ ስጠርዝ አልነበረም? ግን ደንበኛ እኔ ያየሁትን አያይም የኔ ልጅ። አንተን አይቶ ከበር ይመለሳል።» ዓሳ በልቼ ተሸኘሁ። ማስጠናቱም፣ ፈተናውም፣ «ለጊዜው» የተባለችውም መስመር፣ ሁሉም በዚያው ቀረ። ዶክተሩ ወደ ላይ አደገ አሉ፤ የሚያድገው እሱ ነው።

ወደ ጉዱማሌው ልመለስ። ቲሸርቱን አስረክቤ ስጨርስ ቲቸር ማርቆስ እየጠበቁኝ ነው። ጡረታ መውጣታቸው ነው፤ የሽኝት መጥሪያ ካርድ ማሳተም ፈልገዋል። «ካንተ ሌላ ማን ጋ እሄዳለሁ!» አሉኝ። ሥራ ሥራ ነው ብዬ በባጃጅ ወደ ማተሚያዬ ወሰድኳቸው። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ፣ ይሄንንም ጻፉልኝ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ያመጡትን ጽሑፍ አየሁ፣ ናሙናውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንዲት ፊደል አልጎደለም። እየዞሩ ማሽኖቼን እያዩ «ጎሽ! ጎሽ!» ሲሉ አልቻልኩም።

«ቲቸር፣ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ምኑን?»

«ቅንፉን ያስጠፋው ዶክተሩ መሆኑን።»

«አይ ልጄ! እስካሁን እሱን ይዘህ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ ስላልሳቅኩ አቆሙ። «ብናገር ይጥለኝ ነበር። ልጆች አሉኝ፣ ዕድሜዬ ሄዷል። አንተ ወጣት ነህ፣ ሌላ ታገኛለህ ብዬ ነው። ይኸው አላገኘህም? የራስህ ቤት አለህ።»

«ሦስት ነበርን ቲቸር። እርስዎና እኔ ስንት ወር አንድ ላይ ቆሎ በላን። ዶክተሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እርስዎ ግን ቅንፉን ከኔ አንሥተው ከሱ ጋር ዘጉት። ማን ከማን ጋር እንደገባ ሁሉን ይቀይራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ጥሩ ተማሪ ይወጣህ ነበር።» ይወጣህ ነበር!

ከዚያ ለመታረቅም ይሁን ለመርሳት፣ ናሙናውን ካርድ አንሥተው «የመጀመሪያው ጥሪ ላንተ ነው፣ ካልመጣህ እቀየምሃለሁ» አሉ። እጃቸው በልማድ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ደረታቸው ሄደ፤ አሁን የለበሱት ኮት ግን ያልተገለበጠ ነው፣ ኪሱ በግራ ነው። እስክሪብቶውን አገኙት። ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አደላደሉ። «ለአቶ» ብለው ጻፉ። እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ያ የተደረበ ጥርሳቸው በፈገግታ ተገለጠ።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ቅንፍ ቅንፍ ስንልህ... ስምህ ማን ነበር?»

«አንዴ ነግሬዎት አስጽፈውኝ ነበር» አልኳቸው። «ሰርዘው ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

እስክሪብቶው ፖስታው ላይ ነጠብጣብ አበጀ። እኔ ተነሥቼ ማሽኑን አስነሣሁት፤ ድምፁ ከፍ ስላለ ጮክ ማለት ነበረብኝ።

«‹ለታይፒስት ስህተት› ብለው ይጻፉበት። ይደርሰኛል።»